የድርጭት ጫጩቶቼ እያለቁብኝ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ (ደሴ)

የሆጤዋ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድርጭት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ 4 ሞተው አገኘሁ፣ አሁን ደግሞ ሌላ 3። የቀሩትም ጥግ ላይ ተደራርበው ይጮሃሉ፣ አንዳንዶቹ ርጥብ ናቸው። በሽታ ገብቶባቸዋል። የዶሮውን ዱቄት መድኃኒት በውሃ ልበጥብጥላቸው? መጠኑን የምታውቁ ፍጠኑልኝ፣ መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ጦሳ ስር
አብሽሪ እህቴ። ስንት ቀናቸው ነው? በምንድን ነው የምታሞቂያቸው? ውሃውስ በምን ነው የቀረበው? ይሄን ሳትነግሪን ስለ መድኃኒት ማውራት ዋጋ የለውም።

ጨዋታ አዋቂው
በሙሴ ጊዜ ድርጭት ሰፈር ድረስ መጥቶ ሲወርድላቸው ማንም አምፖል አልገዛለትም። የደሴው ነው የተቀማጠለ።

ባለሙያው ጋሼ
ወገኖቼ፣ ድርጭት ከመግዛት በፊት ማወቅ ይቀድማል። ጀማሪ ሰው የቀናት ጫጩት አይገዛም። ላባ ያወጣ፣ የ4 ወይም የ5 ሳምንት ይገዛል። ያን ጊዜ ጾታውም ይለያል፤ ቡናማው ዝርያ ላይ የወንዱ ደረት ጥርት ያለ ቀይማ ቡናማ ነው፣ የሴቷ ነጠብጣብ አለበት። ለአንድ ወንድ 3 ወይም 4 ሴት ይበቃል። ነጩ ዝርያ ግን በላባ አይለይም፣ ጅራቱን ገልጦ ከስሩ ጫን ሲሉት ነጭ አረፋ ካወጣ ወንድ ነው። ዓይኗ የጠራ፣ እግሯ ያልተጣመመ፣ ቂጧ ንጹሕ የሆነችውን መርጦ...

የሐይቅ ልጅ
ጋሼ፣ ልጅቷ ጫጩት እያለቀባት እርስዎ ገበያ ያስመርጧታል!

የሆጤዋ
የ3 ቀን ናቸው ብለውኛል። አምፖል አለኝ፣ ግን መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም፣ የኛ ሰፈር መቼም የታወቀ ነው። ውሃው በጎድጓዳ ሰሃን ነው። ከስር ጋዜጣ አንጥፌያለሁ። አሁን መድኃኒቱን ንገሩኝ።

ቃሉዬ ኮምቦልቻ
ይሄ የቦታ ጉዳይ ነው። ደሴ ለድርጭት ይበርዳል። እኛ ጋ ከደሴ ስለሚሞቅ ያለ ጣጣ ያድጋል። ዶሮ ያዢ፣ ምክሬ ነው።

ጦሳ ስር
ወንድም ቃሉዬ፣ ላባ ያወጣ ድርጭት ንፋስ ካልመታው ደሴንም ይችላል። ብርድ የማይችለው ጫጩቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ኮምቦልቻም ሌሊት መብራት ሲጠፋ ይሞታል።
የሆጤዋ፣ ስሚኝ። በሽታ አይመስለኝም፣ በርዷቸው ነው። ተደራርቦ መጮህ የብርድ ምልክት ነው፤ ሲሞቃቸው ተበታትነው አፋቸውን ይከፍታሉ። ርጥቦቹ ደግሞ ሰሃኑ ውስጥ የገቡ ናቸው። የድርጭት ጫጩት ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፣ ጣት በማይሞላ ውሃ ይሰምጣል። አሁኑኑ ሰሃኑን አንሺና የሃይላንድ ክዳን ላይ ውሃ አድርጊ፣ ወይም ሰሃኑ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ብይ ወይም የታጠበ ጠጠር ሙይበት፣ ምንቃራቸው ብቻ ይግባ።
ለሙቀቱ፣ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልዪና ካርቶኑ ውስጥ አስተኚ። ከላይ በነጠላ ሸፍኚ፣ አየር ግን ተዪለት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ትቀይሪያለሽ፣ ዛሬ እንቅልፍ የለም። ርጥቦቹን መጀመሪያ አድርቂ፣ ብብትሽ ውስጥም ቢሆን።

የሐይቅ ልጅ
ብይና ጠጠር! እኔም ልል ነበር። ሰሃን አይሆንም፣ ብይ አድርጊ።

እማማ ቧንቧ ውሃ
ልጄ፣ ከሰል አቀጣጥለሽ ከጎናቸው አድርጊ፣ እኛ ዶሮ ያሳደግነው በከሰል ነው።

ጦሳ ስር
እማማ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል ጫጩቱንም ልጅቷንም ይገላል። ውጭ ውሃ ይፍሉበት፣ ወደ ቤት አይግባ።

ባለሙያው ጋሼ
ትክክል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ያሉበት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። መብራት ሲመጣ ቢጫውን የድሮ አምፖል ተጠቀሚ፣ ነጩ ቆጣቢ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም። ጋዜጣውም ይነሳ፣ ያንሸራትታል፣ እግራቸው ተበርግዶ ይቀራል። ሸካራ ጨርቅ አንጥፊ። መኖው የዶሮ ጫጩት ከሆነ ጥሬው ይተልቅባቸዋል፣ በሙቀጫ አድቅቀሽ በወንፊት ንፊው። ድርጭት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ከ24 በመቶ በላይ፤ ስለዚህ የተቀቀለ እንቁላል ፈጭተሽ ደባልቂበት።

የሐይቅ ልጅ
አሁን ተናገሩ ጋሼ!

የሆጤዋ
ከሰሉን ልክ ላስገባ ነበር። ሃይላንዱን አደረግኩ። ግን መድኃኒቱስ? የሸጠልኝ ሰው መድኃኒት ስጪ ብሎኛል።

ጦሳ ስር
ብርድን መድኃኒት አያድነውም። ሞቀው እየበሉ ነገም ከሞቱ፣ ወይም ተቅማጥ ካየሽ፣ አዲስ የሞተውን በላስቲክ ቋጥረሽ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂ፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በግምት አትስጫቸው።

ጨዋታ አዋቂው
የተረፉት ሲያድጉ ለመረቅ ጥሩኝ።

ወልድያ 07
በዚሁ ልጠይቅ፣ የኔዎቹ ትልልቆች ናቸው፣ አናታቸው ተልጦ ይደማል። አይጥ ነው?

ባለሙያው ጋሼ
ቤቱ ምን ያህል ከፍታ አለው? ድርጭት ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይዘላል፣ ጣሪያው ሽቦ ከሆነ አናቱን ይልጠዋል። ወይ ወደ 30 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርገው፣ ወይ ከላይ ጆንያ ወጥርበት። ወንድ ከበዛም ይነካከሳሉ፣ ቆጥረህ ቀንስ።

ወልድያ 07
ሽቦ ነው፣ ወንዱም ከሴቷ ይበልጣል መሰለኝ። ግን 2 ወር አልፏቸው እንቁላል የለም።

ባለሙያው ጋሼ
ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው የሚጀምሩት። ብርሃን አንሷቸው ይሆናል፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ሲመሽ ሁለት ሦስት ሰዓት አምፖል ጨምርላቸው። ለዚህ ነጩም ይሆናል።

ጦሳ ስር
የሆጤዋ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?

ቃሉዬ ኮምቦልቻ
ደሴ መብራት መጣ ወይ?