የማሃትማ ደብዳቤዎች ቁጥር አልገጥም ብሎናል፤ በየትኛው እንሂድ?

የሄርማታ አንባቢ (ጅማ)
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ጅማ ስድስት ሆነን የቲዎሶፊን (ብላቫትስኪ የተባለችው ሩሲያዊት ያስፋፋችው መንፈሳዊ ትምህርት) የመጀመሪያ ዘመን፣ በተለይ ለእንግሊዛዊው ሲኔት የተላኩትን የማሃትማ ደብዳቤዎች (ኩት ሁሚና ሞርያ በተባሉ መምህራን ስም የመጡትን)፣ በአራት ቅዳሜ ልናነብ ነው። ሁለት ፒዲኤፍ አለን። በአንዱ 10ኛ የተባለው ስለ እግዚአብሔር የሚያወራው ደብዳቤ በሌላው 88ኛ ነው። የትኛውን እንከተል? ደግሞ ገና ሳንጀምር ክርክር ተነስቷል። አንዱ «እነዚህ እኮ የእኛ ስውራን ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ብላቫትስኪ ራሷ የጻፈችው ነው፣ ድሮ ተጋልጧል» ብሎ ዘግቶታል።

መዝገብ ፈላጊ
ሁለቱም ፒዲኤፍ ትክክል ናቸው፤ የተለየው አደራደሩ ነው። ባርከር የተባለው አዘጋጅ በ1923 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሲያሳትማቸው በርዕስ ከፋፈላቸው። በ1993 የወጣው እትም ደግሞ በጊዜ ቅደም ተከተል አሰለፋቸው፤ 88 የሆነውም ለዚያ ነው። ለጀማሪ በጊዜ የተደረደረው ይሻላል። በርዕስ ካነበባችሁ በ1882 የተጻፈ መልስ በ1880 ከተጠየቀው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣና ጸሐፊው ራሱን የሚቃረን ይመስላችኋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ቀን የላቸውም። የምታዩት ቀን በብዙው ሲኔት «በዚህ ጊዜ ደረሰኝ» ብሎ የጨመረው ነው፤ ስለዚህ የተጻፈበት ቀን አድርጋችሁ አትያዙት። ከ140 በላይ ስለሆኑ በአራት ቅዳሜ አያልቁም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ በ1880 ሲምላ (ሕንድ) ላይ ለመጡት ስጡ። ሲኔት በአላሃባድ የሚታተመው የፓዮኒር ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። የጠየቀውም የጋዜጠኛ ጥያቄ ነው፦ ለማረጋገጫ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በታተመበት ዕለት በተአምር ሲምላ ላይ ይታይልኝ አለ። ኩት ሁሚ እምቢ ያለበትን ምክንያት ቃል በቃል አንብቡ፤ የኋለኛው ክርክር ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ጥቁር ቡና
የቀለሙን ነገር ልጨምር። የኩት ሁሚ በብዛት ሰማያዊ ነው፣ የሞርያ ቀይ። ዋናዎቹ ለንደን፣ ብሪትሽ ላይብረሪ አሉ። በጥቁርና ነጭ የተቃኘ ስካን ይዛችሁ ስለ እጅ ጽሑፍ እንዳትከራከሩ፤ ባለ ቀለሙን ፈልጉ። በአንዳንዶቹ ላይ ሰማያዊው ጽሑፍ ሲጎላ ሙሉ መስመር መሆኑ ይቀርና በጥቃቅን ትይዩ ጭረቶች የተሠራ ሆኖ ይታያል። ይህ ከምን እንደመጣ አማኙም ተጠራጣሪውም የየራሱን ይላል።

«ተጋልጧል» ላለው፦ ሁለት የተለያዩ ክሶች ተቀላቅለውበታል። አንደኛው የኪድል ነው። ሄንሪ ኪድል የሚባል አሜሪካዊ በነሐሴ 1880 ንግግር አደረገ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሲኔት በመጣ ደብዳቤ ውስጥ የንግግሩ ዓረፍተ ነገሮች ስሙ ሳይጠቀስ ተገኙ። ጉዳዩ በጋዜጣ የወጣው በ1883 ነው። ማሃትማው ሲመልስ 48 ሰዓት በፈረስ ላይ ቆይቶ፣ ደክሞት፣ በሐሳብ ለደቀ መዝሙር ያስጻፈው ስለሆነ ጥቅሱ ተዛብቶ ወጣ አለ። ሁለቱን ጽሑፍ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አትሙና የጎደለውን ቃል አስምሩበት። ማብራሪያው አሳማኝ መሆን አለመሆኑ እዚያ ላይ ይለያል። እኔን አያሳምነኝም።

ሁለተኛው የቲዎሶፊ ማኅበር ሠራተኞች የነበሩት የኩሎምብ ባልና ሚስት በብላቫትስኪ ላይ ያቀረቡት የማታለል ክስ ነው (1884፣ ማድራስ)። ሪቻርድ ሆጅሰን ከለንደኑ የሳይኪክ ምርምር ማኅበር ተልኮ መርምሮ በ1885 ብላቫትስኪን አታላይ አላት። ደብዳቤ ይወጣበታል የተባለውን የአድያር (የቲዎሶፊ ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት) ቁም ሣጥን ግን አላየውም፤ እሱ ሳይደርስ ተቃጥሏል። ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ባለሙያው ኔዘርክሊፍት መጀመሪያ ጽሑፉ የእሷ አይደለም ብሎ በኋላ የእሷ ነው አለ። በ1986 ቬርነን ሃሪሰን በዚያው ማኅበር መጽሔት ላይ የሆጅሰንን ሥራ ክፉኛ ነቀፈ። ልብ በሉ፦ ሃሪሰን የነቀፈው ማስረጃውን ነው፤ «ማሃትማዎቹ አሉ» አላለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ዝዋይ ማዶ
ስለ ስውራኑ፦ ይቅርታ፣ አይገጥምም። በእኛ ዘንድ ስውር ማለት በጸሎት የበቃ፣ ከዓይን የተሰወረ ባሕታዊ ነው፤ ከአምላክ ጋር ነው ጉዳዩ። ኩት ሁሚ በ10ኛው (ወይም 88ኛው) ደብዳቤ እኛ በአካል ያለ አምላክ አናምንም ብሎ ይጽፋል። ራሳቸውንም ሥጋ የለበሱ፣ ቲቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አድርገው ነው የሚያቀርቡት። ጓደኛችሁ መጀመሪያ ያንን ደብዳቤ ያንብብ።

መዝገብ ፈላጊ
እውነት ነው። በተረፈ «ማን ጻፈው» ከማለታችሁ በፊት «በማን እጅ ደረሰ» በሉ። አንድ ወረቀት በአራት ዓምድ አስምሩ፦ ቁጥር በሁለቱም እትም፣ የደረሰበት ቀን፣ ያደረሰው ሰው ወይም ፖስታ፣ ብላቫትስኪ በዚያ ሰዓት የት ነበረች። አራተኛው ዓምድ ነው የሚያደክማችሁ። ብዙዎቹ እሷ ባለችበት ወይም በእሷ በኩል የመጡ ናቸው። እሷ ሌላ አገር ሳለች ደረሱ የሚባሉም አሉ፤ የቲዎሶፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ኦልኮት በነሐሴ 1888 ሻነን በተባለችው መርከብ ላይ ያገኘው አንዱ ነው፣ እሷ ያኔ ለንደን ነበረች። እሱ ግን ከሲኔት ስብስብ ውጭ ስለሆነ በያዛችኋቸው ፒዲኤፎች ውስጥ አትፈልጉት።