የዕቅድ ውይይት፦ በትራፊክ መብራት የጊዜ አመዳደብ ላይ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ የሚኒባስ ታክሲ ማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለከተማው አስተዳደር የምናስገባውን ሐሳብ ማርቀቅ ጀምሬአለሁ። የረቂቁ ዋና ጥያቄ በአዲስ አበባ ዋና ዋና መጋጠሚያዎች ያሉት መብራቶች የመኪናውን ብዛት እየተከተሉ ራሳቸው ጊዜ በሚመድቡ ዘመናዊ መብራቶች እንዲተኩ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ከአባላት በብዛት የደረሰኝ ቅሬታ መኪና በሌለበት አቅጣጫ አረንጓዴ በርቶ በሌላው አቅጣጫ ረጅም ሰልፍ ቆሞ መጠበቁ ስለሆነ ነው። ታሪፋችን በርቀት እንጂ በሰዓት ስለማይሰላ መብራት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ያልተከፈለበት ሥራ ሲሆን፣ ለባለንብረቱ ከሚገባው የቀን ገቢ የሚጎድለውን የሚሞሉት ደግሞ ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት እስከ ዓርብ ማታ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ።

ከሜክሲኮ–መገናኛ መስመር አባል

ጸሐፊያችን ስለ ድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ጥያቄያችን በአዲስ መሣሪያ ግዢ መጀመር የለበትም እላለሁ። መሣሪያ ከጠየቅን የሚሰጠን መልስ በጀት ሲገኝ ይታያል የሚል ነው፤ ያሉትን መብራቶች ጊዜ ማስተካከል ግን ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሚደረግ ሥራ በመሆኑ ለነገ የሚቀጠርበት ምክንያት የለም።

ከአባላት ጋር ስንነጋገር አረንጓዴው በረዘመ ቁጥር ሰልፉ የሚቀል የሚመስለን ስላለን፣ አሠራሩን በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ ማስቀመጡ ይጠቅማል። አራት አቅጣጫዎች በየተራ በሚያልፉበት መጋጠሚያ ላይ ተራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ቢጫው፣ ሁሉም ቀይ ሆኖ የሚቆይበት ቅጽበትና የፊተኛው መኪና ለመነሳት የሚወስድበት ጊዜ ሲደመሩ በግምት 4 ሰከንድ ይባክናል። በአራቱ ተራ 16 ሰከንድ ማለት ነው። ሙሉው ዙር 80 ሰከንድ ከሆነ የሚባክነው አንድ አምስተኛው ነው፤ ዙሩን 160 ሰከንድ ብናደርገው አንድ አሥረኛው ይሆናል፤ 320 ሰከንድ ብናደርገው ደግሞ አንድ ሃያኛው። በመጨረሻው ጭማሪ ያተረፍነው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን ቀይ ላይ የሚቆመው ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ግን እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን አረንጓዴው በአጠቃላይ እንዲረዝም ሳይሆን በሰዓቱ ልክ እንዲከፋፈል ነው፦ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወደ መሐል ከተማ ለሚገባው፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ለሚወጣው፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አጭር ዙር፣ እሑድ ሌላ፣ የበዓል ዋዜማ ሌላ።

ሁለተኛው ጉዳይ የተከታታይ መብራቶች መናበብ ነው። በሁለት መብራቶች መካከል 400 ሜትር ካለና መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ ሁለተኛው መብራት ከመጀመሪያው 48 ሰከንድ ዘግይቶ አረንጓዴ ቢሆን አንዴ የተለቀቀው ሰልፍ ሳይቆም ያልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለቱ መብራቶች ዙር እኩል መሆንና ሰዓታቸው አንድ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳንጠይቅ ሌላውን መጠየቃችን አይገባኝም።

ከአያት መስመር አባል

በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም መብራቱ ምንም ያህል በሚገባ ቢስተካከል ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ሲያስተናግድ የሚሆነው ካልተነሣ ሐሳባችን ግማሽ ይሆናል። ፖሊሱ ፀሐይና ዝናብ ሳይል ቆሞ የሚሠራ ሰው በመሆኑ ወቀሳ ልሰነዝር አይደለም፤ የማይታየውን ነገር እንዲያይ መጠየቃችን ግን ትክክል አይመስለኝም። እርሱ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰልፍ ነው፤ ከኋላ ያለው መጋጠሚያ መዘጋቱን አያይም። በአንድ ረድፍ በሰዓት 600 መኪና የሚመጣበት አቅጣጫ ለ3 ደቂቃ ቢያዝ 30 መኪና ይሰለፋል፤ ለአንዱ መኪና ከነክፍተቱ 7 ሜትር ብንይዝ 210 ሜትር ነው። የቀደመው መጋጠሚያ ከዚያ ቢቀርብ የሰልፉ ጅራት እዚያ ገብቶ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ አረንጓዴም ቢበራ የሚንቀሳቀስ የለም።

በእኛ መስመር ሌላም አለ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከመገናኛ እስከ አያት መንገዱን መሐል ለመሐል ስለሚከፍለው ወደ ግራ መታጠፍና መዞር የሚቻለው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ የሚዞረው ሁሉ እነዚያ ላይ ይከማቻል። 15 ሰከንድ የመታጠፊያ አረንጓዴ ከአንድ ረድፍ ከ6 ወይም ከ7 መኪና በላይ አያሳልፍም። ቀሪው ቀጥታ የሚሄደውን ረድፍ ይዞ ይቆማል፤ ከኋላው ያለነው መንገዳችን ክፍት ሆኖ ሳለ እንታገዳለን። ለመታጠፊያዎች የሚሰጠው ጊዜ ለብቻው እንዲጠና የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባልኝ።

የተማሪ ሰርቪስ የምትሠራ አባል

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ መኪና ነው። በከተማችን ከሚደረገው ጉዞ የሚበልጠው በእግር ነው፤ በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ውስጥም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለመኪና የሚጨመረው እያንዳንዱ ሰከንድ ከእግረኛው የሚቀነስ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ልፈርምበት አልችልም። 20 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ሰው በ20 ሰከንድ ይሻገራል፤ ሕፃን ልጅ የያዘች እናት ወይም ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ዙሩ ሲረዝምም እግረኛው መጠበቅ ይሰለቸውና በቀይ ይገባል፤ እኛም ፍሬን እየያዝን ያገኘነውን ጊዜ መልሰን እናጣዋለን። የዙሩ ማጠር ለሁለታችንም የሚበጅ ስለሆነ የእግረኛው ዝቅተኛ የመሻገሪያ ጊዜ እንደማይነካ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይጻፍ። በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ ጊዜው እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

በኤሌክትሪክ ሙያ የሠራ አባል

የእኅታችን ሐሳብ እንዳለ ይወሰድ። እኔ የምጨምረው ስለ ዘመናዊው መብራት ነው፤ ጥያቄው ጨርሶ መውጣት የለበትም፤ ተራው ግን ከኋላ ነው።

ይህ ዓይነቱ አሠራር በሌላ ዓለም የተፈተነ ነው። ሲድኒ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስትሠራበት ኖራለች፤ በአሜሪካዋ ፒትስበርግ እ.ኤ.አ. በ2012 በ9 መጋጠሚያዎች ተሞክሮ የጉዞ ጊዜ ወደ 25 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተገልጿል። ነገር ግን መብራቱ የሚያስበው በሚደርሰው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ከሆነ በየረድፉ ስለሚቆጥር፣ በሦስት ረድፍ መንገድ ላይ አራትና አምስት ሆነን ስንሰለፍ የተሳሳተ ቁጥር ይልካል። ለውኃ ቧንቧ ወይም ለስልክ መስመር መንገዱ ሲቆፈር ሽቦው ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ዘመናዊው መብራት ቀድሞ ወደተሞላለት ቋሚ ጊዜ ይመለሳል፤ ያም ጊዜ ያልተጠና ከሆነ አሁን ካለንበት አንራመድም። ለዚህ ነው የወንድማችን ጥያቄ መቅደም ያለበት። ካሜራም ቢሆን የሚያጸዳውና የሚጠግነው ባለሙያ ይፈልጋል። መብራት ኃይል ሲቋረጥ መጋጠሚያው ጨለማ እንዳይሆን ባትሪ መኖር አለበት፤ ይህ አሁን ላሉትም መብራቶች የሚጠየቅ ነው። ስለዚህ ከግዢው ጋር የጥገና በጀትና የሠለጠነ ሰው አብሮ እንዲታቀድ ብለን እንጻፍ።

ሁሉም አቅጣጫ እኩል በሞላበት ሰዓት የትኛውም መብራት መንገድ አይጨምርም። ይህንንም ለአባላት በሐቀኝነት ልንነግራቸው ይገባል፤ ያለዚያ ነገ ማኅበሩን ይወቅሱታል።

የማኅበሩ ሰብሳቢ

ከእኛ በኩል የምንገባው ቃል ከሌለ ደብዳቤው ክብደት አይኖረውም። መብራቱ አፍ ላይ አንድ ሚኒባስ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ባለ ሁለት ረድፉ መንገድ ግማሽ አቅሙን ያጣል፤ የትኛውም የሰከንድ ስሌት ይህን አያካክሰውም። በምንጠቅሳቸው መጋጠሚያዎች ላይ ከመብራቱ አልፎ ካለው ፌርማታ ውጭ እንዳንጭን አባላት እንፈርም፤ ተራ አስከባሪዎችም ይተባበሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

አስተያየታችሁን ተቀብዬ ረቂቁን ለውጬዋለሁ። መክፈቻው አሁን እንዲህ ይላል፦

«ማኅበራችን የእግረኛው የመሻገሪያ ጊዜ ሳይነካ፣ አሁን በሥራ ላይ ያሉት የትራፊክ መብራቶች የጊዜ አመዳደብ በቀኑ ሰዓትና በሳምንቱ ቀን እንዲለያይ፣ ተከታታይ መብራቶች እንዲናበቡ፣ የመታጠፊያ ጊዜ ለብቻው እንዲጠና፣ እንዲሁም በእጅ ማስተናገድ በሚያስፈልግበት ጊዜ አንድ አቅጣጫ ሊያዝ የሚችልበት ከፍተኛ ጊዜ እንዲወሰንና በአጎራባች መጋጠሚያዎች ያሉ ፖሊሶች በሬዲዮ እንዲነጋገሩ ይጠይቃል።»

ዘመናዊው መብራት፣ ባትሪውና የጥገናው ጉዳይ በሁለተኛው ክፍል፣ የእኛ ቃል ኪዳን በሦስተኛው ይገባሉ። ደብዳቤው ባዶ እጁን እንዳይሄድ ከየመስመሩ ሁለት ሁለት አባላት ተመድበው፣ በመረጡት አንድ መጋጠሚያ ላይ ጠዋትና ማታ በእያንዳንዱ አረንጓዴ ስንት መኪና እንዳለፈና ስንት እንደቀረ እንዲመዘግቡ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እግረኞቹም አብረው ይቆጠሩ። የቆጠራውን ሠንጠረዥ እኔ አዘጋጃለሁ። የሜክሲኮ–መገናኛ፣ የአያትና የተማሪ ሰርቪስ ተወካዮች የመጋጠሚያችሁን ስምና የመዝጋቢዎቹን ስም እስከ ሰኞ ላኩልኝ፤ ቆጠራው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ሳምንት መሆን ስላለበት ከዚያ ባይዘገይ እመርጣለሁ።