የክላክስ ማመልከቻ፦ ሁለተኛው ረቂቅ፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፣ ብሎክ 11፦
ረቂቁ ይኸው። የአምናው ደብዳቤ ለምን እንደተመለሰ ታውቃላችሁ፤ ከምሬት በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። አሁን ሕግ ጠቅሰናል። አንቀጽ አንድ፦ በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሚኒባሶቹ ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ተጠቅሷል። አንቀጽ ሁለት፦ በግቢው አጥር ዙሪያ ማንኛውም ዓይነት ጥሩምባ መንፋት እንዲከለከል፣ ምልክትም እንዲተከል። አንቀጽ ሦስት፦ ተራ አስከባሪዎቹ እንዲቆጣጠሩ። መዋጮው በቤት 200 ብር ነው።

ብሎክ 3፣ አንደኛ ፎቅ፦
ትናንት ማለዳ በረንዳዬ ላይ በስልክ ለካሁ፤ 81 አሳየ። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል ዐሥር እጥፍ ያድጋል። ከ45 እስከ 81 ምን ያህል እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ትክክለኛ መለኪያ መከራየት ካስፈለገ እኔ አፈላልጋለሁ።

የእድሩ ዳኛ፣ ብሎክ 9፦
አንቀጽ ሁለትን አልፈርምም። «ማንኛውም ዓይነት ጥሩምባ» ማለት የእድሩም ጥሩምባ ነው። ከልደታ ስንነሣ ቤታችን ፈረሰ እንጂ እድራችን አልፈረሰም። ሰው ሲሞት በምን ልንጠራራ ነው?

ጸሐፊ፣ ብሎክ 11፦
ጋሼ፣ የመኪናውን ለማለት ነው። ማንም አንብቦ አይሳሳትም።

የእድሩ ዳኛ፣ ብሎክ 9፦
ማንም አይሳሳትም ትላለህ። ነገ አንድ ደንብ አስከባሪ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጥሩምባ ነፊያችንን ቢያስቆም ተከራክረህ ታስለቅቃለህ? የተጻፈ ተጽፏል።

ብሎክ 6፣ ሦስተኛ ፎቅ፦
«ክላክስ» ይባልና ይለቅ።

ብሎክ 14፣ ጡረተኛ መምህር፦
ክላክስ ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው። ለመንግሥት ቢሮ በሚገባ ማመልከቻ ላይ «የተሽከርካሪ ማስጠንቀቂያ ድምፅ» መባል አለበት።

ብሎክ 6፣ ሦስተኛ ፎቅ፦
መምህር፣ ምልክቱን የሚያነበው ሾፌር ነው። ሾፌር የሚያውቀው ክላክስን ነው።

ብሎክ 2፣ ነርስ፦
የሌሊት ተረኛ ነኝ። ለዓይኔ እንቅልፍ የምሰጠው ከንጋቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» እና ክላክሱ አብረው ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ራሴን እያመመኝ ማታ ተመልሼ መርፌ እወጋለሁ። ክላክስም በሉት ጥሩምባ፣ እባካችሁ ስለ ቃሉ መጨቃጨቁን አቁሙ።

ብሎክ 5፣ አራተኛ ፎቅ፦
እንዲያውም ከተነሣ አይቀር፣ የእድሩ ጥሩምባስ በስልክ መልእክት ቢተካ ምን ነበረበት? ሁሉም ስልክ አለው። ልጆቼ ደንግጠው የሚነሡት በሚኒባሱ ብቻ አይደለም።

የእድሩ ዳኛ፣ ብሎክ 9፦
አባትህ ሲያርፉ ድንኳኑ በነጋታው ከንጋቱ በፊት እንዴት እንደተተከለ ታስታውሳለህ? ሰውን ከአልጋው ያስነሣው የስልክ መልእክት አልነበረም። ጥሩምባ ነፊው በዝናብ አምስት ብሎክ ዞሯል።

ብሎክ 5፣ አራተኛ ፎቅ፦
አባቴን እዚህ ማምጣት ተገቢ አልነበረም።

ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
ተገቢ ነው። በልተህ ጠጥተህ ያስተዛዘነህን እድር ከሚኒባስ ጋር አንድ አድርገህ ስታበቃ!

ገንዘብ ያዥ፣ ብሎክ 8፦
እባካችሁ። በሌላ በኩል ያለፈውን የ100 ብር መዋጮ ከግማሽ በላዩ ቤት አልከፈለም። ያልከፈላችሁ ስለ ቃላት አትናገሩ።

ብሎክ 12፣ ባለ ሚኒባስ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔም እዚሁ ነው የምተኛው። ሾፌሩ ክላክስ የሚያደርገው ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ ስላለበት ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ ዝናቡንና ብርዱን ፈርቶ በየደረጃው ሥር ተበትኖ ይቆማል፤ ካልጠራው አይመጣም። ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅበት ቦታ ቢኖር ማንም ክላክስ አያደርግም። ቅጣት ብታስቀጡ ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ ያደርገዋል፤ ያኔ የሚነቁት ብሎክ 15ና 16 ይሆናሉ።

ብሎክ 16፣ ምድር ቤት፦
አሁንስ የተኛን መስሎህ ነው?

ብሎክ 4፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ በ2009 ሚያዝያ፣ በአዲስ ዓመታቸው ዕለት፣ አላስፈላጊ ክላክስ ከልክላለች። አንድ ከተማ ሙሉ ከቻለ አንድ አደባባይ አያቅተንም። ከልካዩ ግን አስተዳደሩና ትራፊክ ፖሊሱ እንጂ የነዋሪ ምልክት አልነበረም። ስለዚህ አንቀጽ ሦስት ለተራ አስከባሪ ሳይሆን ለትራፊክ ፖሊስ ይጻፍ።

ጸሐፊ፣ ብሎክ 11፦
ይሻሻላል። አንቀጽ ሁለት አሁን «በግቢው አጥር ዙሪያ የተሽከርካሪ ክላክስ ያለ አደጋ ምክንያት ማሰማት እንዲከለከል» ይላል። ጋሼ፣ ይበቃል?

የእድሩ ዳኛ፣ ብሎክ 9፦
«የእድር ጥሩምባን አይመለከትም» የሚል ይጨመርበት።

ብሎክ 5፣ አራተኛ ፎቅ፦
ይህ ከተጨመረ እኔ አልፈርምም። ጥሩምባው በማመልከቻ ጥበቃ ሊሰጠው ነው ማለት ነው።

ብሎክ 14፣ ጡረተኛ መምህር፦
የሰርግ አጀብስ? የእሑዱን ረስታችሁታል። ሃያ መኪና ክላክሱን ሳይለቅ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞረ። የእድሩ ከተጠበቀ የሰርጉም በግልጽ ይካተት ወይም ይውጣ።

ብሎክ 6፣ ሦስተኛ ፎቅ፦
ልጄን በጥር እድራለሁ። የሰርጉን እንዳትነኩ።

ብሎክ 2፣ ነርስ፦
ብሎክ 3፣ መለኪያውን አገኘህ?

የእድሩ ዳኛ፣ ብሎክ 9፦
ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ስለ አባቱ የተናገርኩት ከአፌ ባይወጣ ይሻል ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ባለ ሚኒባሱ ያለው እውነት ነው። ለድንኳን መጋዘን የገዛነው ቆርቆሮ ተርፎ ተቀምጧል፤ እድሩ ለተሳፋሪ መጠለያ ይሰጣል። እንጨቱን ማኅበሩ ይቻል።

ብሎክ 5፣ አራተኛ ፎቅ፦
ይቅርታው ደርሶኛል፣ ጋሼ። ጥሩምባው ይቆይ። የእንጨቱን ግማሽ እኔ እችላለሁ።

ብሎክ 12፣ ባለ ሚኒባስ፦
ከአራት ባለ መኪናዎች ሲሚንቶ ላሰባስብ።

ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
መጠለያው ላይ የእድሩ ስም ይጻፍ።

ብሎክ 8፣ ምድር ቤት፦
የማኅበሩስ?

ገንዘብ ያዥ፣ ብሎክ 8፦
200 ብሩ ታዲያ ለምልክቱ ነው ለእንጨቱ? ደረሰኝ በምን ስም ልቁረጥ? መለኪያ አፈላልጋለሁ ያለው ሰውዬ ስልኩን አያነሣም።

ብሎክ 4፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
መጠለያው ከመንገድ ዳር ስለሆነ የወረዳ ፈቃድ ይፈልጋል። ማመልከቻው መጀመሪያ ስለ ፈቃዱ ይናገር።

ጸሐፊ፣ ብሎክ 11፦
ሦስተኛው ረቂቅ፦ ርእሱ «የተሳፋሪ መጠለያ ግንባታ ፈቃድ ስለመጠየቅ» ሆኗል። ቆርቆሮ ከእድሩ፣ ሲሚንቶ ከባለ መኪናዎች፣ እንጨት ከብሎክ 5ና ከማኅበሩ። የክላክሱ ጉዳይ በአንቀጽ አምስት ገብቷል፤ ዴሲቤሉ ግን ተለክቶ የቀረበ ማስረጃ ስለሌለን ወጥቷል። የስሙ ነገር እሑድ ይወሰናል።

ብሎክ 2፣ ነርስ፦
የ45ቱን ቁጥር ለምን አወጣችሁት? ደብዳቤውን ያስጀመረው እሱ ነበር። የብሎክ 3 መለኪያ ባይመጣ እንኳ ሕጉ የእኛ ልኬት አያስፈልገውም፤ መልሳችሁ አስገቡት።

ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
የእድሩ ስም በትልቅ ፊደል ካልሆነ ቆርቆሮው አይወጣም።

ጸሐፊ፣ ብሎክ 11፦
ለወረዳው ሰኞ ጠዋት ማን ይወስደዋል? እኔ ሥራ ላይ ነኝ።