የሞተር ኮምፒውተር የሜሞሪ ኮድ ሲያወጣ ምን ይገዛል፣ ማን ዘንድ ይኬዳል?

ፒ 0603 (P0603) የሚል የብልሽት ኮድ የወጣበት ሰው «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሌላ የኮምፒውተር ሳጥን ከመግዛቱ በፊት፣ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለቮልት መለኪያ ቴስተር እንዲያውለው እመክራለሁ። ይህ ኮድ የሚመለከተው መኪናው ከጠፋ በኋላም ከባትሪ በቀጥታ በሚመጣ መስመር የሚጠበቀውን ሜሞሪ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ስለ ነዳጅ ልክና ስለ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ስለሚዞርበት ፍጥነት) የተማረውን የሚያኖረው እዚያ ነው። በመሆኑም ባትሪ ሲደክም፣ ተርሚናል ሲላላ ወይም የዚያ መስመር ፊውዝ ሲቃጠል፣ ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮዱ ሊመዘገብ ይችላል። ፒ 0601፣ ፒ 0604 እና ፒ 0605 ግን ኮምፒውተሩ የራሱን ሜሞሪ ሲፈትሽ ስህተት ማግኘቱን ስለሚገልጹ ጥርጣሬው ወደ ሳጥኑ ያደላል፤ ፒ 0602 ደግሞ የፕሮግራም ጭነት ጉዳይ ነው።

በኢኤልኤም 327 ስም የሚሸጠውና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ትንሽ ዕቃ፣ ርካሽ ቅጂዎቹ እየተቆራረጡ ቢያስቸግሩም፣ ኮድ ለማንበብና ለማጥፋት ይበቃል። ሁሉንም ክፍል የሚያነብ ስካነር የሚበልጠው ግን በዚህ ነው፦ የፍሬኑ ኮምፒውተር (ኤቢኤስ) እና የማርሹ ኮምፒውተር በአንድነት የቮልቴጅ ማነስ ካስመዘገቡ፣ ችግሩ የጋራ መስመራቸው ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

እኔን አንድ ጋራዥ ኮምፒውተር እንድቀይር ነግሮኝ ነበር። ባትሪው በዕረፍት 12.5 ቮልት ያሳይ ስለነበር እኔም አልጠረጠርኩትም። ሞተሪኖው ሲዞር ግን በተርሚናሉ ማሰሪያ ላይ የለካሁት ከ9 ቮልት በታች ወረደ፤ የቴስተሩን ጫፍ ከማሰሪያው አንሥቼ በባትሪው እርሳስ ራስ ላይ ሳሳርፈው ከ10 በላይ ቆየ። ማሰሪያውን ሳወልቀው ውስጡ በነጭ ዱቄት ተለብጦ አገኘሁት፤ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ካጠበቅሁት ወዲህ ኮዱ አልተመለሰም።

ለባለሙያ ከሆነ፣ ኮዱን አንብቦ ብቻ ከሚፈርደው ይልቅ የኔጋቲቭ ገመዱን ሞተሪኖው ሲዞር የሚለካ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይመረጣል። ፕሮግራም የሚጭን ሰው በሥራው ጊዜ ባትሪውን ከቋሚ ቻርጀር ጋር ካላያያዘ መኪናዬን አልሰጠውም፤ ቮልቴጁ በመሃል ቢወድቅ ጤነኛውም ሳጥን ሊበላሽ ይችላልና። ሳጥኑ በእርግጥ ከተበላሸ፣ ቦርዱን የሚጠግን ባለሙያ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ ምክንያቱም የቁልፉ መለያና የመኪናው መረጃ በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። ያገለገለ ሳጥን የሚገዛ ሰው የዕቃ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ከማረጋገጥ ሌላ፣ ከቁልፉ ጋር የሚያስማማለት ሰው አስቀድሞ ማግኘትና ሞተሩ ካልተነሣ ዕቃው እንደሚመለስ ከሻጩ ጋር በጽሑፍ መስማማት አለበት።