«የሽማግሌ ገበያ» ነው ወይስ አይደለም?

ናቲ ፒያሳ፦ ሄኖክ አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብሎ ያላትን ሰምታችኋል? «የሰሌዳ ጦርነት ጨዋታ (ካርታ ላይ ጦር እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱት) ሞቷል፣ የቀረው የሽማግሌ ገበያ ነው»! ያውም ክርኑን በሰው ካርታ ላይ ተደግፎ። ወንድ ከሆነ እዚህ ይድገመው።

ሄኖክ፦ እደግመዋለሁ፣ ምን አስፈራኝ? በፈረንጆቹ 70ዎቹ አቫሎን ሂልና ኤስፒአይ የሚባሉ የአሜሪካ ጨዋታ አሳታሚዎች በገፍ ያትሙ ነበር። «ስትራቴጂ ኤንድ ታክቲክስ» መጽሔት ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የጨዋታው ካርታና ካውንተሩ (ጦሩን የሚወክለው ትንሽ ካርቶን) አብሮ ነው የሚመጣው። ገዢው ተማሪ ነበር። ዛሬ ጂኤምቲ የሚባለው አሳታሚ ፒ500 ብሎ አስቀድሞ ስም ያስመዘግባል፤ 500 ሰው አዝዣለሁ ካላለ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ይሄ ገበያ ነው ዕቁብ?

ሰናይት፦ 70ዎቹ ያልከው የኛ ነው የነሱ?

ሄኖክ፦ «በፈረንጆቹ» ብያለሁ። አንብቢ እንጂ።

ሰናይት፦ አንብቤያለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅህ። በኛ 1970 ኦጋዴን ላይ እውነተኛው ጦርነት ነበር፤ ካርቶን የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ሞተ የምትለው የማን ገበያ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ መቼ ተወለደና?

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ «ሽማግሌ» የተባልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።

ሄኖክ፦ ኧረ ጋሼ በፍጹም! እርስዎን አላልኩም።

ናቲ ፒያሳ፦ ታዲያ ማንን ነው? ግሩፑ ውስጥ ሌላ ሽማግሌ አለ?

ጋሽ መኮንን፦ ተወው ናቲ። ሄኖክ ልጄ፣ ኤስፒአይን ተጫዋች አጥቶ ነው የወደቀ አታስመስለው። ዕዳ ነው የበላው። በፈረንጆቹ 1982 የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ባለቤት ቲኤስአር አበደረው፤ ብዙም ሳይቆይ ብድሬን መልስ አለና ንብረቱን ጠቅልሎ ወሰደ። አስቀድመው ለመጽሔቱ የከፈሉት ደንበኞች ምን ተባሉ? አናውቃችሁም! የተጫዋቹ ቂም ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን አምኖ ይከፍላል?

ቢኒ ካዛንቺስ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ኮምፒውተሩን ረሱት። ብቻውን የሚጫወት ሰው ብዙ ነበር፤ 40 ገጽ ሕግ ከማንበብ ማሽኑ ቢያሰላለት አይሻለውም? እሱ ነው ሄዶ የቀረው።

ሄኖክ፦ ይኸው! ቢኒ ራሱ መሰከረ። አቫሎን ሂልም በፈረንጆቹ 1998 ለአሻንጉሊት አምራቹ ሃስብሮ ተሸጠ፣ አበቃ።

ናቲ ፒያሳ፦ የት አበቃ? የነሱን «አድቫንስድ ስኳድ ሊደር» ጨዋታ ኤምኤምፒ የሚባል ድርጅት ተረክቦ እስከዛሬ ያትማል። ከርት ሺሊንግ የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ ነበር፣ እሱም ያኔ ሽማግሌ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2005 የወጣው የቀዝቃዛው ጦርነት ጨዋታ «ትዋይላይት ስትራግል»ስ? ተጫዋቾች ነጥብ በሚሰጡበት ቦርድጌምጊክ ድረ ገጽ ደረጃ ለዓመታት አንደኛ ነበር እኮ፣ ከሁሉም ዓይነት ጨዋታ!

ሄኖክ፦ እሱ ሄክስ (ባለስድስት ጎን የካርታ ክፍል) የለው፣ ክፍለ ጦር የለው። የካርድ ጨዋታ ነው።

ናቲ ፒያሳ፦ አሃ! ሲሸጥልን ጦርነት አይደለም፣ ሲከስር ነው። የአንተ ሕግ ጥሩ ነው።

ሰናይት፦ እኔ በዚያ ጨዋታ ላይ ሌላ ቂም አለኝ። ኢትዮጵያን የመረጋጋት ነጥብ 1 ነው የሰጧት። ሶማሊያ 2!

ቢኒ ካዛንቺስ፦ ሰኒ ዘመኑን እይ እንጂ፣ ከ0 ተርፈናል።

ሰናይት፦ ቢኒ ዝም በል።

ጋሽ መኮንን፦ በጥንቱ የኛ ሰንጠረዥ (ቼዝ) መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚሉት ነበር፤ አንዱ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይሄ ግሩፕ ከወረራ ወጥቶ አያውቅም።

ሄኖክ፦ 😂 እሺ ጋሼ። የኔ ነጥብ ግን ዋጋ ነው። ድሮ በኪስ ገንዘብ የሚገዛ ነበር። አሁን ጠንካራ ካርታ፣ ወፍራም ካውንተር፣ ባለቀለም ሣጥን፤ ለደመወዝተኛ ጎልማሳ ነው የተሠራው። የሽማግሌ ገበያ ያልኩት ይሄን ነው። ጥቂት አትም፣ አስወድድ፣ ለታማኞቹ ሽጥ።

ናቲ ፒያሳ፦ ስለዚህ አልሞተም። ጎልምሷል ነው የምትለው።

ሄኖክ፦ አላልኩም።

ናቲ ፒያሳ፦ «ደመወዝተኛ ጎልማሳ» ብለሃል፣ ወደ ላይ ውጣና እይ። ከሽማግሌ ወደ ጎልማሳ ወርደሃል፤ ማታ ተማሪ ላይ ትደርሳለህ።

ሰናይት፦ ደመወዝተኛውስ የት አገር ነው? ሐምሌ 2016 ብሩ ከተለቀቀ ወዲህ የአንድ ሣጥን ዋጋ ከነማጓጓዣው፣ ከነቀረጡ አስሉት። እኔ ጨዋታውን አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ሄጄ ነው የማሳትመው። ልጁ አንሶላውን አይቶ «እህቴ፣ ይሄ የሎተሪ ዕጣ ነው?» አለኝ። ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፌ፣ በካተር ቆርጬ፣ የእያንዳንዷን ካውንተር አራቱን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ከረከምኩ። ከኦርጅናሉ በምን ታንሳለች?

ሄኖክ፦ ስርቆት ስለሆነች ታንሳለች። 500 ሰው እስኪሞላ በሚጠብቅ ገበያ ውስጥ ፎቶኮፒ ነው ገዳዩ።

ሰናይት፦ ድንቄም! የሞተውን ነው የገደልኩት?

ጋሽ መኮንን፦ 👏

ቢኒ ካዛንቺስ፦ በኮምፒውተር የሚያጫውተው ቫሳል በነፃ አለ እኮ፣ ምን ታጨቃጭቃላችሁ? ላፕቶፕ ክፈቱና ተጫወቱ።

ጋሽ መኮንን፦ መብራት ሲጠፋስ?

ናቲ ፒያሳ፦ እሱን ተዉትና ሄኖክ፣ ስለ ስርቆት ካነሳህ አይቀር፣ በጋራ አዋጥተን የገዛነው ኦርጅናል ጨዋታ ማን ቤት ነው ያለው?

ሄኖክ፦ ቢኒ ጋ።

ቢኒ ካዛንቺስ፦ እኔ ከፋሲካ በፊት ለሄኖክ ሰጥቻለሁ። ሰኒ ምስክሬ ናት።

ሰናይት፦ እኔ ያየሁት ሣጥኑን ነው፣ ውስጡን አላየሁም።

ሄኖክ፦ ሣጥን ብቻ ነው የሰጠኝ! ካርዶቹ የሉም ብዬ ያኔውኑ ጽፌያለሁ፣ ወደ ላይ ውጡና እዩ።