የሞተር ውድድር ዘጋቢ ፊልም ከሞተረኞች ጋር ሲታይ የት ላይ ቆም ማለት ይጠቅማል?

ባለ ሁለት ጎማ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ማታ 14 ሞተረኞች ተሰብስበን የሞተር ውድድር ዘጋቢ ፊልም ልናይ ነው። ርዝመቱ 100 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ግማሹ የሞቶ ጂፒ (በዝግ ትራክ የሚካሄደው የዓለም የሞተር ሻምፒዮና)፣ ግማሹ ደግሞ የማን ደሴት ቲቲ (በተራ መንገድ ላይ የሚካሄድ የሞተር ውድድር)። ከመካከላችን አምስቱ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ዓመት አልሞላቸውም። ፕሮጀክተር፣ ላፕቶፕና ሁለት ስፒከር አለን። ሁሉም የሚመጣውም የሚመለሰውም በሞተሩ ነው።

አይተን፣ ተደንቀን ብቻ እንድንበተን አልፈልግም። ምስሉንና ድምፁን እንዴት ብናዘጋጅ ይሻላል? የት የት ላይ አቁመን ብንነጋገር አዲሶቹ ይማራሉ? ከትራክ ወደ መንገድ የሚወሰደውና የማይወሰደውስ የቱ ነው? በዝርዝር ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ምስልና ድምፅ

ከድምፁ ልጀምር፤ እንዲህ ባለ ፊልም ምሽቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። ብዙ ፊልሞች ድምፃቸው ለስድስት ስፒከር የተቀናበረ ሲሆን ንግግሩ የሚወጣው በመሃለኛው በኩል ነው። ይህ በሁለት ስፒከር ሲለቀቅ ንግግሩ በሞተሩ ጩኸት ይዋጣል። ሰው አልሰማ ሲለው ድምፁን ይጨምራል፣ ቀጥሎ ውድድሩ ሲመጣ ጆሮ ይበሳል። ከድምፅ ምርጫው ውስጥ ስቴሪዮ የሚል ካለ እሱን ውሰዱ። ከሌለ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ኮምፕረሰር የሚለውን አብሩት፤ ጩኸቱንና ለስላሳውን ንግግር ያቀራርባቸዋል። አስቀድማችሁ ስትሞክሩ ሰው ሲያወራ ቆይቶ ሞተር የሚነሳበትን ቦታ ምረጡ። ስፒከሮቹን ወለል ላይ አታስቀምጧቸው፤ ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ይሁኑ።

ለ14 ሰው ከጥግ እስከ ጥግ 100 ኢንች የሆነ ምስል ይበቃል፤ ወርዱ 2.2 ሜትር ነው። የፕሮጀክተራችሁ የርቀት ምጥጥን 1.5 ከሆነ 2.2ን በ1.5 አባዙት፣ ከግድግዳው 3.3 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ማስተካከያ ካለው አጥፉት። በሁለት ምስሎች መሃል የራሱን ምስል ፈጥሮ ስለሚያስገባ ፈጣን ነገር ላይ የጎማውን ጠርዝ ያዝረከርከዋል።

ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥ። ከኢንተርኔት በቀጥታ እያያችሁ ወደኋላ ስትመልሱ ይንቀራፈፋል። በቪኤልሲ የኢ (E) ቁልፍ በተነካ ቁጥር አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ነጠላ ምስል፣ ወደፊት ይሄዳል። በዚህ ቁልፍ ወደኋላ መመለስ ስለማይቻል ሺፍትን ይዛችሁ የግራ ቀስቱን ተጫኑ፣ 3 ሰከንድ ይመልሳል። የግርጌ ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ኤች፣ ከዘገየ ጂ ተጫኑ፤ አንዱ ጭነት 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ላፕቶፑ በራሱ እንዳይተኛም አስተካክሉት።

ፒት ሌን

የቲቲው ክፍል ከመጀመሩ በፊት ለአዲሶቹ ሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ስጧቸው፤ ካልሆነ የሚያዩት አይገባቸውም። ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ነው የሚለቀቁት። ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ስለሆነ መንገዱ ላይ ከፊት የሚታየው ሰው እየመራ ላይሆን ይችላል። ቲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ የሚሮጡበት የተራራ መንገድ ደግሞ ከ1911 ጀምሮ። አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ200 በላይ ኩርባ አለው። በሌላ ቀን መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው፤ በዳርና ዳሩ የድንጋይ አጥር፣ የመብራት ምሰሶና የቤት ግድግዳ አለ። ትራክ ላይ የወደቀ ሰው የሚንሸራተትበት ጠጠርና ሜዳ ይጠብቀዋል፣ እዚህ ግን የለም። ስለዚህ በሁለቱ የፊልሙ ክፍሎች አንድ ዓይነት ኩርባ ፈልጉና የማጋደል መጠኑን አወዳድሩ። ልዩነቱ ከምንም ማብራሪያ በላይ ይናገራል።

ካሜራውም እንዳያታልላችሁ። ከሩቅ በረጅም ሌንስ የተቀረጸ ምስል ርቀትን ያጨማድዳል፤ የተነካኩ የሚመስሉ ሁለት ሞተሮች መሃል ብዙ ሜትር ሊኖር ይችላል። ሞተሩ ላይ የታሰረው ሰፊ ሌንስ ደግሞ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ፍጥነቱን ያጋንናል። አንዳንዱ የሞተር ላይ ካሜራ አድማሱን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ የሚያጋድለው ሞተሩ ሆኖ ይታያል፣ ሌላው ከሞተሩ ጋር ስለሚያጋድል ዓለሙ የተገለበጠ ይመስላል። ማጋደሉን ለመለካት የመጀመሪያውን ተጠቀሙ።

አሁን ዋናው። አንድ ጥርት ያለ ሃይሳይድ (ሞተሩ ሰውየውን ወደ ላይ ወርውሮ የሚጥልበት አደጋ) ፈልጉና ፍሬም በፍሬም ሂዱበት። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ አፍንጫው ወደ ኩርባው ውስጥ፣ ጅራቱ ወደ ውጭ ይዞራል። ጥቂት ፍሬም ቆይቶ ጎማው አስፋልቱን እንደገና ይነክሳል። ሰውየውን የሚወረውረው መንሸራተቱ ሳይሆን ይህ ንክሻ ነው። ጎማው ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ሳይስተካከል ድንገት ሲይዝ፣ የተጨመቀው የኋላ ሾክ አብዞርበር ይለቀቃል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ሰውየውም በውጭ በኩል ተሻግሮ ይወድቃል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ጋደል ብሎ ሳለ ነዳጅ በድንገት መስጠት ነው፤ የሚያባብሰው ደግሞ ደንግጦ የነዳጅ እጀታውን ባንዴ መዝጋት። እጀታውን የሚይዘውን ቀኝ እጅ ካሜራው ካሳየው በተለይ እሱን እዩት። እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮናውን ከፍተኛ ምድብ የያዙት ባለ 500 ሲሲ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች እንዲህ በመጣል የታወቁት ኃይላቸው ሞተሩ አንድ የሽክርክሪት ፍጥነት ላይ ሲደርስ ድንገት ስለሚፈነዳና የዛሬው ዓይነት ኤሌክትሮኒክስ ስላልነበራቸው ነው።

ሎውሳይድ ቀላል ነው፤ ጎማው መያዝ ያቅተዋል፣ ሞተሩ ባጋደለበት በኩል ይተኛል፣ ሰውየውም ከኋላው ይንሸራተታል። በቅርብ ዓመታት ምስሎች ላይ ወዳቂው ትከሻና አንገቱ አካባቢ ተነፍቶ ካያችሁት ልብሱ ውስጥ ያለው ኤርባግ ነው። በሞቶ ጂፒ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

ቀጥሎ ፍሬን። 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሰከንድ 83 ሜትር ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ እያንዳንዱ የኢ ጭነት 3.5 ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሰውየው ደረቱን ከነዳጅ ታንኩ ላይ አንስቶ ቀና ካለበትና የሞተሩ ግንባር ከሰመጠበት ፍሬም ጀምራችሁ ጭነቱን ቁጠሩ። ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የእያንዳንዱ ፍሬም ርቀትም እያጠረ ይሄዳል። ከዚያ ለአዲሶቹ በ60 ኪሎ ሜትር አስሉላቸው፤ በሰከንድ 16.7 ሜትር። አንድ ሰከንድ የዘገየ ሰው ፍሬኑን ሳይነካ ያን ያህል ሄዷል። በስሎ ሞሽን የተቀረጸ ክፍል ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልጨምር። ብዙ የውድድር ሞተር ማርሹ የተገለበጠ ነው፤ አንደኛው ወደ ላይ፣ የቀሩት ወደ ታች። ጋደል ብሎ ሳለ እግርን ከማርሹ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ መሳብ ስለሚያስቸግር ነው። ሰውየው ማርሹን ወደ ታች ሲረግጥ "ቀነሰ" ብላችሁ አታስረዱ፣ እየጨመረ ነው።

ካቴና

ፒት ሌን ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ በመጀመሪያው እይታ ግን ፊልሙን አታቋርጡት። 100 ደቂቃ ፊልም አሥር ጊዜ ከቆመ የሰው ስሜት ይበታተናል፣ ሐሳቡ ያለው ሁሉ ማውራት ይጀምርና ዳር አይደርስም። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ደቂቃና ሰከንዱን ብቻ ይጻፍ፤ "41:20 ሃይሳይድ" ዓይነት። ፊልሙ አልቆ ሩብ ሰዓት ካረፋችሁ በኋላ አራት ቦታ ብቻ መርጣችሁ ተመለሱ። ለአንዱ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይበቃል። ከአራት ካለፈ አዲሶቹ ምንም ይዘው አይሄዱም።

እኔ ብመርጥ አንዱን ቦታ ለዓይን እሰጠዋለሁ። ኩርባ ሲገቡ ሄልሜቱን ብቻ ተከተሉ፤ ሞተሩ ሳይዞር ጭንቅላቱ ወደ መውጫው ዞሯል። ያለ ትራክ፣ ያለ ውድ ሞተር በማግስቱ መንገድ ላይ የሚሠራ ነገር ይህ ነው።

ባለ ሁለት ጎማ

አመሰግናለሁ፣ አራት ቦታ የሚለውን ወስጃለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ቲቲው ውስጥ ሰው የሞተበት አደጋ አለ፤ እንዝለለው ወይስ እንየው? ሌላው፣ ጉልበትና ክርን መሬት ማስነካትን ያዩ ልጆች በማግስቱ መሞከራቸው አይቀርምና ምን ልበላቸው?

ካቴና

ስለ ሞቱ፦ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ "በዚህኛው ክፍል ሰው ይሞታል፣ መውጣት የፈለገ ይውጣ" በሉ። ከ14 ሞተረኛ መሃል መንገድ ላይ ወዳጁን ያጣ ሊኖር ይችላል፣ ላይናገርም ይችላል። ክፍሉን መዝለል አያስፈልግም፤ የውድድሩ እውነት ነው። ነገር ግን ወደኋላ አትመልሱት፣ ፍሬም በፍሬምም አትሂዱበት። ለትምህርት ሰውየው ተነስቶ የሄደበት አደጋ ይበቃል። በዚህ ነገር ላይ መደራደር የለም።

የጎማ ንፋስ

የጉልበቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ተወዳዳሪው ሰውነቱን ወደ ውስጥ የሚያወጣው ክብደቱ ወደ ኩርባው ውስጥ ሲሄድ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ትንሽ ባነሰ ማጋደል እንዲያልፍ ነው። ጉልበቱ መሬት መንካቱ የማጋደሉን መጠን ይነግረዋል እንጂ አያዞረውም። ሞቶ ጂፒ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚያጋድሉት አስፋልቱ ስለሚታወቅ፣ ጎማው በማሞቂያ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሆኖ ስለሚወጣና ከፊት የሚመጣ መኪና ስለሌለ ነው። መንገድ ላይ ሦስቱም የሉም። አንድ ቁጥር ንገሯቸው፤ በአንድ ኩርባ ላይ ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር መጨመር ፍጥነቱን በ20 በመቶ ሲጨምር ከጎማው የሚጠየቀውን የጎን ኃይል በ44 በመቶ ይጨምረዋል። አሸዋ ወይም ናፍጣ ቢያጋጥም የሚያተርፈው ያልተጠቀሙበት ማጋደል ነው።

የጎማ ንፋስ ልክም ከትራክ አይቀዳ። ሞቶ ጂፒ ላይ ለፊት ጎማ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 1.8 ባር ነው፤ እሱም ጎማው ግሎ ሲሮጥ የሚለካ ነው። ይህን ሰምቶ የመንገድ ጎማውን የሚያስተነፍስ ሰው ጎማው ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ መሪው ይከብደዋል፣ ዳርና ዳሩ ቶሎ ያልቃል። የራሱ ሞተር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይከተል፤ የሚለካውም ከመነሳቱ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። የካርቦን ዲስክም እንዲሁ፣ ሳይግል አይዝም። የመንገድ ሞተር የብረት ዲስክ ከመጀመሪያው ጭምቂያ ነው መሥራት ያለበት።

ከትራክ የሚወሰደው የፍሬን አያያዝ ነው። ተወዳዳሪዎቹ የፍሬኑን ሌቨር አይመነትፉትም፤ መጀመሪያ ክፍተቱን ወስደው ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ እስኪሄድ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ያጠብቃሉ፣ ሞተሩ እያጋደለ ሲሄድ ደግሞ ቀስ በቀስ ይለቃሉ። ጎማው ያለው የመያዝ አቅም አንድ ስለሆነ ለመዞር የሰጠውን ለፍሬን መስጠት አይችልም። አዲሶቹ ደረቅ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ብለው ከ40 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ይለማመዱት፤ ጋደል ብለው ግን አይሞክሩት።

ሲመለሱ ከስብሰባው ላይ ዘለው ሞተር ላይ አይውጡ። አምስት፣ አምስትና አራት ሆናችሁ ተከፋፈሉ፣ በየቡድኑ ልምድ ያለው አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሁን። ቀጥ ባለ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰበጣጥራችሁ፣ በቀጥታ ከፊት ካለው ሞተር 2 ሰከንድ ራቁ። ኩርባ ላይ አንድ መስመር ሁኑ። ጎማው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሞ ስለቀዘቀዘ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ረጋ በሉ።

ባለ ሁለት ጎማ

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ቢጫና ቀይ ሽንትር ያለው ባንዲራ ምን ማለት ነው? ፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይታያል።

ፒት ሌን

ከፊት ያለው አስፋልት አይይዝም ማለት ነው፤ ዘይት ወይም ሌላ የሚያንሸራትት ነገር አለ። ቢጫው ብቻውን ሲውለበለብ አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው። ቀይ ከሆነ ውድድሩ ቆሟል። ባንዲራው ከታየ በኋላ ተወዳዳሪዎቹ እጀታውን እንዴት ቀስ እያሉ እንደሚዘጉት እዩ፤ አምስተኛ ቦታ ካስፈለጋችሁ እሱን ጨምሩ።