ሊኑክስ ከጫንኩ ወዲህ ድረ ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል (አሮጌ ዴል ላፕቶፕ)

የጡረታ መምህር፣ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ። አምና ከአዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕ በሰው አስመጣሁ፤ ዴል ላቲትዩድ ኢ6420፣ ኮር አይ5፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 320። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎ ነበር። እስኪከፈት ድረስ ግን አቦሉ ተጠጥቶ ያልቃል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት ላይ አበቃ፣ ወደ 11 ለማሳደግ ደግሞ ይኼ ማሽን አይችልም ሲባል የጎረቤት ልጅ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚሉትን ቀለል ያለውን ጭኖልኝ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። እሱን በስልክ ማስቸገር ሰልችቶኝ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት።

ችግሮቼ እነዚህ ናቸው። ዋይፋይ ጭራሽ አይታይም፤ ሞባይሌን በገመድ ሰክቼ ነው ኢንተርኔት የማገኘው። እሱም ቢሆን ፋየርፎክስ የከፈትኩትን ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክለኛል። አፕዴት ላድርግ ስል ፋይሉ «ገና ጊዜው አልደረሰም» የሚል ነገር ይጽፍና ያቆማል። በየጠዋቱ ስከፍተው ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማገኘው እኔው በእጄ አስተካክላለሁ፤ ያን ለምጄዋለሁ። በመጨረሻም ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የጻፍኳቸው የ20 ዓመት የፈተና ወረቀቶችና ማስታወሻዎች ሲከፈቱ ነጥብና ጭረት ያለባቸው የፈረንጅ ፊደላት ሆነው ይወጣሉ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ቫይረስ በልቶታል» ትላለች። እውነት ነው?

የፒያሳ ልጅ

ጋሼ፣ ምን አደከመዎት። ዊንዶውስ 7 ያስጭኑበት፤ ለዚያ ማሽን ልኩ እሱ ነው። ሊኑክስ ለፕሮግራመር ነው እንጂ ለቤት አይሆንም።

እናት ሰሌዳ

የፒያሳው ወንድሜ፣ ዊንዶውስ 7 በፈረንጆች ጥር 2020 ድጋፉ ካበቃ ስንት ዓመቱ? ክሮም እንኳ ከ2023 ጀምሮ አዲስ ስሪት አያወጣለትም። ተማሪ ልጅ ያለበት ቤት እሱን አስገብተህ ኢንተርኔት ልትከፍትበት ነው? ይቅር።

መምህር፣ ቫይረስ አይደለም፣ አይስጉ። ወደ ፓወር ግዕዙ እመለስበታለሁ። በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ ጠዋት ጠዋት ቀኑን ሲያስተካክሉ ዓመቱ ላይ ስንት ብለው ነው የሚሞሉት?

የጡረታ መምህር፣ ደሴ

ስንት እላለሁ ልጄ? 2018 ነዋ።

እናት ሰሌዳ

በቃ፣ ተገኘ!

መምህር፣ ኮምፒዩተሩ የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። እርስዎ 2018 ሲሉት በፈረንጆቹ 2018 ላይ ያለ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ደግሞ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ አለው። ዛሬ የሚከፍቱት ገጽ መታወቂያው የተሰጠው በ2025 ወይም በ2026 ስለሆነ፣ 2018 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያምን ማሽን ገና ወደፊት የሚሰጥ መታወቂያ ይሆንበታል። ስለዚህ አያምነውም። አፕዴቱም «ጊዜው አልደረሰም» ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ወሩና ቀኑም እንደዚያው በፈረንጅ መሆን አለበት።

ግን እኮ ሚንት ኢንተርኔት ሲያገኝ ቀኑን ራሱ ያስተካክላል። የእርስዎ ለምን አላስተካከለም?

የጡረታ መምህር፣ ደሴ

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 9 ሰዓት እያለ ሲያሳየኝ ተበላሸ ብዬ «በኔትወርክ አስተካክል» የምትለዋን ዘጋኋት።

ሮዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ሳቄን ይቅር ይበሉኝ። እናቴም እዚህ አሜሪካ መጥታ የስልኳን ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ዋትስአፕ አልሠራ ብሏት ሁለት ቀን ተቸግረናል።

መልሰው ይክፈቷት። ሜኑ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለው ላይ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ያድርጉና ዝም ይበሉት። 9 ሲል 3 ነው ብለው ያንብቡት።

ብየዳ (መርካቶ፣ ጥገና)

ሰዓቱ ተፈቷል፤ ግን ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ያገለገለ ዕቃ ላይ ከአሥሩ ስምንቱ ይኼ ችግር ያለበት ሆኖ ነው እኔ ጋ የሚመጣው፤ ሻጭ አይቀይራትም፣ ገዢም አያያትም። ቁጥሯ ሲአር2032 ነው። ላፕቶፕ ላይ ግን እንደ ዴስክቶፑ ባዶዋን አትመጣም፤ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ሁለት ቀጭን ገመድ አላት፣ ጫፏ ላይ ሶኬት። ጠጋኙ የሰዓት ቤት ባትሪ በቴፕ አሥሮ ሊሰጥዎት ከሞከረ እምቢ ይበሉ። ገመድ ያላትን ይጠይቁ። ዋናውን ባትሪና ቻርጀሩን ነቅሎ ነው የሚከፍተው፤ ሳይነቅል ዊንች ካነሳ ላፕቶፕዎን ይዘው ይውጡ።

ባትሪዋ እስክትገኝ ድረስ ግን ሞባይልዎን ሰክተው አንድ ደቂቃ ቢጠብቁ ቀኑን ከኔትወርክ ይወስዳል። በእጅ አይንኩት።

ስለ ፍጥነቱ፦ ዊንዶውስም ሊኑክስም ይሁን፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ቡናው መፈላቱ አይቀርም። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ ያስገቡ፤ 2.5 ኢንች ሳታ፣ 240 ጊጋ ለቤት ይበቃል። ብር ለአንዱ ብቻ ከሆነ ከራሙ በፊት ኤስኤስዲውን ይግዙ። ራም ሲገዙ የላፕቶፕ ዲዲአር3 ይበሉ፤ ዲዲአር4 ከሰጡዎት ቀዳዳው ራሱ አይገጥምም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እንዳይጥሉት፣ የፈተና ወረቀቶቹ እዚያ ካሉ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ።

ሮዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዋይፋዩን እኔ ልሞክር፣ ባለቤቴ ያው ሞዴል ነበረው። በቀኝ ጎኑ በኩል ጥፍር የምታክል ተንሸራታች ስዊች አለች፤ መጀመሪያ እሷን ይዩ። ከተከፈተችም በኋላ ካልታየ፣ ሜኑ ውስጥ ድራይቨር ማኔጀር የሚለውን ይክፈቱ። አንዳንዱ ኢ6420 የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ነው ያለው፣ ያ ችግር የለበትም። ብሮድኮም ከሆነ ግን ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋል። እስካሁን ማውረድ ያልቻለው በዚያው በቀኑ ጉዳይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ከርዕስ ልውጣና፦ ከዚህ ዴስክቶፕ የምትልኩ ሰዎች፣ ከኋላው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቀይ ስዊች ካለ 115 ላይ ሆኖ አዲስ አበባ እንዳይሰካ። አጎቴ ቤት አንዱ ገና ሲሰካ ጧ ብሎ ሳሎኑን ጭስ ሞላው። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛው ላዩ ላይ 100-240 የሚል ስላለ አያሳስብም።

እናት ሰሌዳ

እንደገባሁት ቃል፣ ፓወር ግዕዝ። የድሮው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) አልነበረም። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየው ፎንቱ በዚያ ኮድ ቦታ ላይ ሀን ስለሳለ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ሥዕሉ ይጠፋል፣ ኮዱ ይቀራል። ስለዚህ ጽሑፍዎ አለ። ፓወር ግዕዝ ተጭኖበት የነበረ ኮምፒዩተር ካገኙ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር የፓወር ግዕዝ ፎንቶችን በሙሉ በፍላሽ ያምጡ፤ አንድ ብቻ አይበቃም፣ ሆሄያቱ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት የተከፋፈሉበት ጊዜ አለ። ሚንት ላይ ፋይሉን ሁለቴ ሲጫኑት «ጫን» ይልዎታል። ከዚያ ጽሑፉን የሚከፍቱበትን ሊብረኦፊስ ዘግተው ይክፈቱት።

ይኼ ለማንበብና ለማተም ነው። ቴሌግራም ላይ ኮፒ አድርገው ቢለጥፉት ተመልሶ ያው የፈረንጅ ፊደል ይሆናል። አዲስ የሚጽፉትን ግን ከእንግዲህ በዩኒኮድ ይጻፉ፦ ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አይባስ ኤም17ኤን የሚለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ይጫኑ፣ ወጥተው ይግቡ፣ ከቋንቋዎቹ አማርኛ ሴራ የሚለውን ይምረጡ። አጻጻፉ እንደሚሰማው ነው። ኤል ብቻ ሲጫኑ ል፣ ኤል እና ኢ ሲጫኑ ለ ይሆናል። ሽ በኤክስ፣ ቅ በኪው፣ ጥ በትልቁ ቲ ይጻፋል። ጣት እስኪለምድ አንድ ሳምንት ያናድዳል።

የፒያሳ ልጅ

እሺ ተሸንፌአለሁ። እኔ ቤት ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ አለ፣ እሱስ ሚንት ይቀበላል?

ብየዳ (መርካቶ፣ ጥገና)

ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ የአሁኑ ሚንት አይገባም። ሌላው ሊኑክስ፣ ደብያን እንኳ ከ13ኛው ስሪት ጀምሮ ለ32 ቢት መጫኛ አያወጣም። ለአሮጌ ማሽን የተሠራውን ቀላል ሊኑክስ፣ አንቲኤክስን ሞክር። ግን የመብራቱን ሒሳብ ስታየው ኮር 2 ዱዎ ፈልገህ ብትገዛ ይሻልሃል፤ እሱ 64 ቢት ነው።

የጡረታ መምህር፣ ደሴ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳልዘግብ መቅረት ስላልፈለግሁ ነው።

ቀኑን ለኔትወርክ ለቀቅሁለት፤ በደቂቃ ውስጥ ገጾቹ ሁሉ ተከፈቱ። ስዊቿ ክፍት ነበረች። ድራይቨር ማኔጀር ብሮድኮም አለኝ፣ በሞባይሉ አውርዶ ጫነ፣ አጥፍቼ ሳበራ የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ ተዘረገፈ። ባትሪዋን ደሴ ውስጥ ሦስት ቤት ጠይቄ አላገኘሁም፤ አንዱ በቴፕ ላሥርልህ ብሎኝ እንደተመከርኩት ወጥቼ ሄድኩ። ኤስኤስዲው ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ይመጣል።

ፎንቶቹን ከቀድሞ ትምህርት ቤቴ ጸሐፊ ኮምፒዩተር ላይ አገኘኋቸው። የ1994ቱ የ10ኛ ክፍል ታሪክ ፈተና ፊቴ ላይ ሲከፈት የልጅ ልጄን ጠርቼ አሳየኋት፤ ሦስተኛውን ጥያቄ አልመለሰችውም። ከፋይሎቹ ሁለቱ ላይ ግን ቁጥሮቹ አሁንም የፈረንጅ ፊደል ናቸው። እናት ሰሌዳ፣ የቀረ ፎንት ይኖር ይሆን? ጸሐፊዋ ሰኞ ትገባለች።